የፓራቦላው አናት እና የእትዬ ቤት

ሒሳብ እችላለሁ ብዬ በሰፈሩ ያስወራሁት ራሴ ነኝ፤ ሌላ የሚያስወራልኝ ሰው አልነበረማ! በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ውስጥ ኳስ የሚችል፣ ቡጢ የሚችል፣ ሴት ልጅ ማናገር የሚችል ጎረምሳ እንደ አሸን የፈላ ነበር። እግሬ ኳስ ላይ ሲያርፍ ኳሱ ያዝናል፣ ቡጢ ስሰነዝር የሚያመው እኔን ነው፣ ሴት ልጅ ሳይ ደግሞ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል። ባዶ ቀርቶ ያገኘሁት መሬት ሒሳብ ብቻ ነበር። ማንም ስላልፈለገው ፈጥኜ አጠርኩት።

ወሬውን ያዳረስኩት በሕብረት ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ነው። «አስተማሪያችን የጥያቄ መልስ ሲጠፋበት ወደ እኔ ይዞርና በዓይኑ ይለምነኛል» እያልኩ። እውነቱ ሌላ ነው። በክፍላችን በሒሳብ ከእኔ በታች የነበረ አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ታይፎይድ ይዞት ግማሹን ዓመት ተኝቶ የከረመ። ከተሻለው በኋላ እሱም በለጠኝ።

ከቤታችን ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር ብቻ ተለይተን፣ አንዲት እትዬ ይኖሩ ነበር። ከወላይታ የመጡ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሹራብ እየሠሩ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት። ጴንጤ ናቸው። ያን ጊዜ የጴንጤዎቹ የጸሎት ቤቶች ታሽገው ስለነበር ምእመናኑ በየሰው ቤት እየተሹለከለኩ፣ ድምፅ እየቀነሱ ነበር የሚጸልዩት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እትዬን አስጠርቶ «እዚያ ቤት ሁለተኛ ስብሰባ አለ ሲባል ብሰማ፣ ቤቱን አሽጌ ቁልፉን እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው የምከተው» ብሏቸዋል። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው። ከዚያ ከወጡ ሦስቱን ልጆች ይዘው የሚገቡበት ሌላ ጣሪያ በአዲስ አበባ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሒሳብ ትችላለህ አሉ።»

«ማን ነገረዎት እትዬ?» አልኩ፣ ያፈረ ለመምሰል አንገቴን ደፍቼ።

«አንተው ነሃ! ስኳር ሰልፍ ላይ። እኔ ብቻም አይደለሁ፣ ሰልፉ በሙሉ ሰምቷል።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን አፍረጠረጡት። ቅዳሜ ከሰዓት ጥቂት ወዳጆቻቸው ይመጣሉ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቢኖር፣ ሰሌዳው ፊት ጠመኔ የያዘ ልጅ ቢቆም፣ ድንገት ሰው ቢገባ «መሠረተ ትምህርት ነው» ይባላል። መሃይምነትን እናጥፋ በሚባልበት ዘመን ለመማር የተሰበሰበን ሰው ማን ይነካዋል?

«ሀ ሁ ጽፈህ ትቆማለህ። አለቀ። ሰው ሲመጣ ታስተምራለህ።»

«ሰው ሳይመጣስ?»

«ሰው ሳይመጣ ጎደሬ ትበላለህ።»

የእትዬ ጎደሬ ቅቅል በዳጣ ሲቀርብ ሽታው አጥር ዘልሎ አፍንጫዬን ይዞ የሚጎትት ነገር ነው። ለእሱ ብዬ አገሬን አልሸጥም። ቅዳሜ ከሰዓቴን ግን ሳልደራደር ሸጥኩ።

ሰሌዳው በከሰል የጠቆረ የድሮ የኩሽና በር ነበር። ማጠፊያው እንኳ አልወለቀለትም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠመኔዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ያቺን ሀ ሁ ጽፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ነገር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ እናቶች፣ አባቶች፣ አንድ ምርኩዝ የያዙ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ ደረቴ እንደ ተነፋ ጎማ አበጠ። እኔ የሒሳብ ሊቁ ሀ ሁ ልጽፍ? ጠመኔውን አንስቼ ከጓደኛዬ ደብተር ላይ ስገለብጥ በአእምሮዬ የቀረችውን ብቸኛ ጥያቄ ጻፍኩ፦

y = x² − 6x + 8

ከሥሯም ፓራቦላዋን ሳልኩ፤ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ቅል የመሰለ መስመር። በላዩም በትልቁ «አናቱን ፈልጉ» ብዬ ጻፍኩበት። አስተማሪያችን «ቨርቴክስ» የሚለውን ቃል «አናት» እያሉ ነበር የሚያስተምሩን፤ የማስታውሰው ቃሉን ብቻ ነው። አናቱ እንዴት እንደሚፈለግ ያስተማሩን ባለፈው ዓመት ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ትምህርቱን አለፉት፤ እኔን ግን ትምህርቱ ነው ያለፈኝ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ።

«ሀ ሁ ለሁሉም ይሆናል እትዬ። ይህ ግን ያስከብራል።»

ጸሎታቸውን ጀመሩ። እኔም ጎደሬዬን ጀመርኩ። መዝሙሩ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ግን በሦስት በአራት ድምፅ የተቀናጀ ነበር። የደቡብ ሰዎች በሹክሹክታ ሲዘምሩ እንኳ ጣሪያው ያጅባቸዋል። «ሃሌ ሉያ» እያሉ ሲደርሱ የእትዬ ውሻ ጮኸች። ያቺ ውሻ ምእመናኑን አንድ በአንድ ስለምታውቅ ለእነሱ አትጮህም። ሁሉም ቀጥ አለ። እኔም ጎደሬዬን ሳላኝክ ዋጥኩ።

የገባው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው። አባቱ ላፍቶ በኩል እስከዚያ ጊዜ ጤፍ የሚያርሱ፣ እሱ ቀን ፋብሪካ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠመንጃ ይዞ የሚዞር ረጅም ሰው። ጠመንጃው ከእሱም ይረዝማል፤ በሩን ቀድሞ የገባው ጠመንጃው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«የምን ስብሰባ ነው?» አለ።

«ትምህርት ነው ጓድ» አሉ እትዬ። ሹራባቸውን ከየት እንዳነሱት አላየሁም፤ እጃቸው ይሠራ ጀምሯል።

«የምን ትምህርት?»

«መሠረተ ትምህርት።»

ሰውየው ሰሌዳውን አየ። ዝም ብሎ አየው። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ አድጎ፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ይችል ነበር።

«ይሄ ነው መሠረተ ትምህርት?»

«ድኅረ መሠረተ ትምህርት ነው ጓድ» አልኩ።

ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባም?»

«አባባ ከሌሎቹ ትንሽ ቀደም ብለዋል» አልኩ። ሽማግሌው ስማቸው መነሳቱን አውቀው በምርኩዛቸው ላይ ቀጥ አሉ።

አሁን ሊያሽገን ነው ስል ሰውየው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ደብተር አወጣና በሁለት እናቶች መሀል ተሸጉጦ ቁጭ አለ።

«እኔ ማታ እማራለሁ» አለ። «ይህችን ነገር ሰሞኑን ጀምረናል። አስተማሪው አናቷን ፈልጉ፣ አናቷን ፈልጉ ይለናል። ልገድላት ደርሼ ነበር። በል አስረዳኝ፣ መምህር።»

መምህር! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራሁባት። ትንሽ ኀፍረት ያለው ሰው እዚያው ላይ ራሱን ስቶ በወደቀ። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠራረግኩና «ቀላል ነው፤ ቢ ኦቨር ቱ ኤ ነው» አልኩ። ፎርሙላዋ ፊቷ ላይ ማይነስ እንዳላት አላውቅም ነበር። «ኤ ማለት ከኤክስ ስኩዌር ፊት ያለችው ናት፤ አንድ። ቢ ከኤክስ ፊት ያለችው ናት፤ ማይነስ ስድስት። ማይነስ ስድስት ለሁለት ሲካፈል…» አልኩና፣ ሰው ሲሰማኝ ድምፄ ሳላዝዘው ከፍ ስለሚል፣ እጄን ወደ ጣሪያው ሰድጄ «ስለዚህ! ኤክስ! ማይነስ ሦስት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ምን ያድርጉ? ዕድሜ ልካቸውን አንድ ሰው ፊታቸው ቆሞ እጁን አንስቶ ሲጮህ የሚመልሱት አንድ መልስ ነው። ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ግን ሁሉም አፉን በእጁ ያዘ። የእትዬ የሹራብ መርፌ ቆመ።

«አሜን?» አለ ጠባቂው።

«አሜን ማለት…» አልኩ፣ «አሜን ማለት ‹ገባኝ› ማለት ነው ጓድ። የክፍላችን ደንብ ነው። የገባው አሜን ይላል፣ ያልገባው ዝም ይላል።»

አሰበ። «ጥሩ ደንብ ነው» አለ። «የእኛ ክፍል ሁሉም ነው ዝም የሚለው።»

ማይነስ ሦስትን በኤክስ ቦታ አስገባሁ። ዘጠኝ፣ ፕላስ አሥራ ስምንት፣ ፕላስ ስምንት፤ ሠላሳ አምስት። የሳልኩት ቅል እዚያ ከቀኝ በኩል መሬት ላይ ተቀምጧል፤ እኔ አናቱን ነጥዬ ከሰሌዳው አስወጥቼ፣ ጣሪያውን አስበስቼ፣ ወደ መካኒሳ አቦ አቅጣጫ ወረወርኩት። ማንም ልብ አላለም። ጠባቂው ከሁሉም አስበልጦ «አሜን!» አለ። ከዚያ እጁን አወጣ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። አናት ማለት ላይ ያለ ነገር አይደለም እንዴ? ሥዕሉ ላይ ጫፉ ታች ነው ያለው። አናት እንዴት ታች ይሆናል?»

በዚያ ዘመን አናቱ ማን ነው፣ ታቹ ማን ነው የሚል ጥያቄ አብዮት ጠባቂ ፊት የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም።

«እንደ ሁኔታው ነው ጓድ» አልኩ። ይህን መልስ እስከ ዛሬም በችግር ጊዜ እጠቀምበታለሁ።

ረክቶ ሄደ። እኛም ተሳሳቅን። እኔ ያን ማታ በእንቅልፌ ዩኒቨርሲቲ አስተማርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሻዋ ጮኸች። ጠባቂው ሲገባ ፊቱ በረዶ ያዘለ ደመና መስሏል። አልተቀመጠም፤ ጠመንጃውንም ከትከሻው አላወረደም። ደብተሩን ዘርግቶ ያሳየኝ ቀይ እክስ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆታል።

«የማታው አስተማሪዬ ‹ይህን ማን ነው ያስተማረህ?› አለኝ። ‹ሰፈራችን ውስጥ አንድ መምህር አለ› አልኩት። ሳቀ። ‹ያ ሰው መምህር አይደለም› አለኝ።»

ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተጠጋ።

«መምህር አይደለህም?»

«እ…»

«አንተ መምህር ካልሆንክ ይህ ትምህርት አይደለም። ይህ ትምህርት ካልሆነ…» አለና ዓይኑን በቤቱ ዙሪያ አዞረ። እናቶቹን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ በመጨረሻ እትዬ ላይ ቆመ። «…እዚህ ቤት ውስጥ የሚደረገው ምንድን ነው?»

እትዬ ቀና አላሉም። የሠሩትን የሹራብ ረድፍ መልሰው ይተረትሩ ጀመር። ከእኔ ጉራ ጋር የሦስት ልጆች ጣሪያ መታሰሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ ሲገባኝ አሜን የማልል ሰው ነበርኩ።

«ሆን ብዬ ነው ጓድ!» አልኩ። «የተሳሳተውን ሰጥቼህ ስህተቱን ራስህ እንድታገኝ ነው። አዲስ የማስተማር ዘዴ ነው። አገኘኸው?»

«አላገኘሁም።»

«ይኸው! እንግዲህ ለሚመጣው ቅዳሜ የያዝኩት እሱን ነው።»

ደብተሩን ከደነው። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ። «ትክክለኛዋን ታሳየኛለህ። ካልሆነ ግን…» አልጨረሰውም። የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካክሎ ወጣ።

ያን ቀን ጎደሬውን የነካ ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ የበላሁት ሁለት ብቻ ነው።

«የኔ ልጅ» አሉ እትዬ በመጨረሻ። «እውነቱን ንገረኝ። ሒሳብ ትችላለህ?»

«እትዬ… ሀ ሁ እችላለሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሳቁ፤ ሳቁና ዓይናቸውን በሹራቡ ጠረጉ። «እንግዲህ ቻላ!» አሉ። «ሌላ ምን ምርጫ አለህ? እኛም እንጸልይልሃለን።» በአንድ ጊዜ ሁሉም ተነስተው እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። ያን ሁሉ እጅ ተሸክሜ ስለ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ጸሎት ተደረገልኝ። ቁመቴ ያጠረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እላለሁ፤ እናቴ ግን ከድሮም ነው ትላለች።

ሰኞ ዕለት የሒሳብ አስተማሪያችንን በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«ምን ሰበርክ?» አሉ ገና ሲያዩኝ።

«ምንም ቲቸር።»

«ማንን መታህ?»

«ማንንም። የፓራቦላ አናት እንዴት እንደሚፈለግ እንዲያስረዱኝ ነው የመጣሁት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። መልሰው አደረጉት። «አሞሃል?» አሉ ከልባቸው።

እንዳላመመኝ ካመኑ፣ እኔም ጥያቄዋን ከነተሳሳተው አሠራሬ ከነገርኳቸው በኋላ ወደ ግቢው አጥር ይዘውኝ ሄዱ። ከዚያ ሆኖ መንገዱ ይታያል፤ ከወዲህ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ይደርስና ከወዲያ ሽቅብ ይወጣል። ዳገቱ በዚህም በዚያም አንድ ዓይነት ነው።

«አንድ ሰው ከወዲህ ቁልቁለት ላይ ቁም በለው። ሌላውን ከወዲያ፣ ልክ በእሱ ከፍታ። ድልድዩ ከሁለቱ የት ላይ ነው?»

«መሀላቸው።»

«ተማርክ። ሂድ።»

«ቲቸር!»

«ፓራቦላ ማለት ሁለት ወገኑ እኩል የሆነ ነገር ነው። እኩል ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት ቦታዎችን ካገኘህ አናቱ ከመሀላቸው አያልፍም። ያንተ ጥያቄ ዜሮ የሚሆነው የት የት ነው? ኤክስ ሁለት ሲሆን፣ ኤክስ አራት ሲሆን። መሀላቸው?»

«ሦስት።»

«ሦስትን አስገባ። ዘጠኝ፣ ማይነስ አሥራ ስምንት፣ ፕላስ ስምንት።»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ማይነስ አንድ።»

«አናቱ ሦስት፣ ማይነስ አንድ። ማይነስ ቢ ኦቨር ቱ ኤ ያችኑ መሀል በአቋራጭ የምትነግርህ ናት። ቢ ራሷ ማይነስ ስድስት ናት፤ ፊቷ ሌላ ማይነስ ሲመጣባት ይታረቁና ስድስት ትሆናለች፤ ለሁለት፣ ሦስት። አንተ የፊቷን ማይነስ ጥለህ ድልድዩን ከወንዙ አንስተህ ኮረብታ ላይ ሰቀልከው።» ከዚያ ትከሻዬን ያዙ። «ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ ቲቸር። ኋላ ወንበር ላይ።»

ቅዳሜ ጠባቂው ሲመጣ እንደ ሰው አስተማርኩት። ድልድዩን ጭምር አስረዳሁት፤ በየቀኑ ሲሻገረው ኖሮ አናት ይሆናል ብሎ እንዳላሰበው ነገረኝ። «ኦኦ፣ ጋሪ ዳ!» አለ በኦሮምኛ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎም ያቺ ማይነስ ሁለተኛ እንዳትጠፋ ከእናቶቹ አንዷ፣ ድምፃቸው እንደ ማር የሚንጠባጠብ ሴት፣ በመዝሙር ዜማ አስገቧት፦ «ማይነስ ቢ… ኦቨር ቱ ኤ…» ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ሽማግሌው በጎርናናው «ማይነስ፣ ማይነስ» እያሉ ከሥር ያዙላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ማይነሷን መርሳት ኃጢአት ሆነ።

ጠባቂው በሚቀጥለው ሳምንት ቀይ ራይት ይዞ መጣ። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ መቅረት ተወ። ጸሎቱ እሱ ሳይመጣ በጥድፊያ ይደረጋል፤ ሒሳቡ ግን እስኪመሽ ይዘልቃል። እትዬ ሹራብ እየሠሩ አናት ማግኘት ጀመሩ። ሽማግሌው ዓይናቸው ሰሌዳውን ባያይም የኤ ምልክት ሲነገራቸው የፓራቦላውን አፍ ያውቁ ነበር፦ «ኤ ፖዘቲቭ ከሆነች እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። ኔጌቲቭ ከሆነች ሰግዳለች።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በዚህ መሀል ነው ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ካድሬ የመጣው። ሙሉ ካኪ የለበሰ፣ የደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ እንደ ሜዳይ የደረደረ። የእኛ ጠባቂ ከኋላው አንገቱን ደፍቶ ገባ።

«ከዚህ ቤት በየሳምንቱ የጴንጤ መዝሙር ይሰማል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ ካድሬው። «ሊቀመንበሩ አስጠንቅቋችሁ ነበር። ልክ ከሆነ ዛሬውኑ ይታሸጋል።»

የእትዬ ትንሿ ልጅ መጥታ ቀሚሳቸውን ያዘች። እትዬ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አደረጉ።

«መዝሙር አይደለም ጓድ» አለ ጠባቂው። «ፎርሙላ ነው።»

«ፎርሙላ ይዘፈናል?»

«በሉ አሰሙት» አለን። እኛም አሰማነው። በፍርሃት የተዘመረ ማይነስ ቢ ያን ያህል ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ካድሬው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አስተማሪው አንተ ነህ? ሠርተህ አሳየኝ።»

ጠመኔውን አነሳሁ። እጄ የራሱን ጥያቄ ጻፈ፦

y = −x² + 4x − 1

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ፈጣሪ ይወቀው። ኤ ራሷ ማይነስ! ጭንቅላቴ እንደተገለበጠ ባልዲ ባዶ ሆነ።  ጠመኔው ጣቶቼ መሀል ተሰበረ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ጊዜ ጠባቂው ከካድሬው ኋላ ወጥቶ ወደ ሰሌዳው መጣ። ጠመንጃውን የሚያስደግፍበት ሲያጣ ለእትዬ አስያዛቸው። እትዬም ጠመንጃውን እንደ ትልቅ የሹራብ መርፌ ታቅፈው ቆሙ። «ተማሪ ይሠራል እንጂ መምህር ይሠራል እንዴ?» አለና ስባሪውን ጠመኔ ከእጄ ወሰደ።

«ኤ ማይነስ አንድ። ቢ አራት። ማይነስ ቢ፣ ማይነስ አራት። ቱ ኤ፣ ማይነስ ሁለት። ማይነስና ማይነስ ይታረቃሉ፤ ኤክስ ሁለት። ሁለትን አስገባ፦ ማይነስ አራት፣ ፕላስ ስምንት፣ ማይነስ አንድ፤ ሦስት። አናቷ ሁለት፣ ሦስት! ኤ ኔጌቲቭ ስለሆነች ሰግዳለች!»

እኛ ካድሬው ከገባ ጀምሮ ከንፈራችንን ነክሰን ነበር። እናቶቹ «አሜን»ን በጥርሳቸው ይዘው ፊታቸው ቀልቷል። አንድም ሰው አላመለጠውም። ጠባቂው ዘወር ብሎ አየን፤ ማንም እንዳልመለሰለት ሲያይ በራሱ፣ ሙሉ ድምፁን ለቆ፣

«አሜን!» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ካድሬው።

«አሜን ጓድ። የሒሳብ ቃል ነው። ገባኝ ማለት ነው።»

ካድሬው ሰሌዳውን አየ። እኛን አየ። እንደገና ሰሌዳውን አየ። እኔ ዓይኑን ነበር የማየው። የፓራቦላ አናት ያልገባው ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል በነፋስ ስልክ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ መስታወት ውስጥ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ያው ራሱ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ ካድሬው ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኛም ስንማር እንዲሁ ነበር የምንለው።» እስክሪብቶዎቹን በእጁ ዳሰሰ። «ሳይንሳዊ ነው። ይቀጥል። ገብቷችኋል?»

«አሜን!» አልን፣ ውሻዋ እስክትደነግጥ።

ሄደ። እትዬ ጠመንጃውን ለባለቤቱ መልሰው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና ትንሿን ልጅ አቀፉ። ለረጅም ጊዜ አልተነሱም።

ጠባቂው ዓመቱን አለፈ። ወረቀቱን ይዞ የመጣው ደግሞ ቅዳሜ ነው። እትዬ ውጤቱን ሲሰሙ ደስታው አሸንፏቸው «ጌታ ይመስገን!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

«አሜን» አለ እሱ፣ ቀስ ብሎ።

«ገባኝ ለማለት ነው ጓድ?» አልኩት ነገሩን ለመሸፈን።

አየኝና ፈገግ አለ። «መምህር፣ እኔ የማላውቀው ሒሳብ ነው እንጂ አማርኛ አይደለም።»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

«ያን የመጀመሪያውን ቀን ሃሌ ሉያውን አጥሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ላሽግ ነው የገባሁት። ገብቼ ያቺን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ አየኋት። ቤቱን ባሽገው ማን ያስረዳኛል?»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ደረቴ እንደገና ማበጥ ጀምሯል። ያን ቀን እንደታዘዝኩት ሀ ሁ ጽፌ ቢሆንስ? ጉራዬ በዕድሜዬ ለሰው የጠቀመው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ይህን ለሚሰማም ለማይሰማም ሳወራ ይኸው ሸመገልኩ።

«በሉ እንግዲህ» አለ ጠባቂው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በሁለቱ እናቶች መሀል እየተሸጎጠ። «በሚመጣው ዓመት ሎጋሪዝም የሚባል ነገር አለ ብለውናል። ከዛሬ እንጀምር።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ አሳረፈ። እትዬ የጎደሬውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«አሜን» አልኩ። ስለ ሎጋሪዝም ግን አንድም ነገር አልገባኝም ነበር።